ካርል ሽዋርዝሺልድ፦ የብርሃንን ጠማማ መንገድ ያሰሉ የሥነ ፈለክ ሊቅ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ የሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በፊዚክስ ትምህርታቸው የተወረወረ ድንጋይ በአየር ላይ የሚከተለውን መንገድ ማስላት ይማራሉ። የድንጋዩን መነሻ ቦታ፣ ፍጥነትና አቅጣጫ ያወቀ ተማሪ ድንጋዩ የሚያርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ ማመልከት ይችላል። ይኸው ጥያቄ ስለ ብርሃን ሲነሣ ግን ለብዙ ዘመናት አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል ተብሎ ይታሰብ ስለነበር የሚሰላ ጠማማ መንገድ ይኖረዋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነበር። ብርሃን በከባድ አካል አጠገብ ሲያልፍ የሚከተለውን መንገድ በትክክል ለማስላት የሚያስችለውን የሒሳብ መፍትሔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ካርል ሽዋርዝሺልድ ናቸው። መፍትሔውን ያገኙት በጦር ግንባር ላይ ሆነው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በሕይወት የቆዩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር ሲሙሌሽን የሚሠሩት የጥቁር ጉድጓድ ወይም የብላክ ሆል ምስሎች ሁሉ የእርሳቸው ሥራ ውርስ አለባቸው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. የሚል ምልክት ከሌላቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ካርል ሽዋርዝሺልድ ጥቅምት 9 ቀን 1873 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከአይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ነጋዴ ነበሩ። ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ልጅ የነበሩት ካርል ከልጅነታቸው ጀምሮ ወደ ሰማይ ማየት ይወዱ ነበር። ለኪሳቸው ከሚሰጣቸው ገንዘብ እየቆጠቡ ሌንሶችን በመግዛት ትንሽ ቴሌስኮፕ ለራሳቸው እንደሠሩ የሕይወት ታሪካቸው ያስረዳል። የአባታቸው ወዳጅ የሆኑ አንድ ፕሮፌሰር የግል የሥነ ፈለክ መመልከቻ ስለነበራቸው፣ ከፕሮፌሰሩ ልጅ ከፖል ኤፕስታይን ጋር ጓደኝነት መሥርተው ሒሳብንና የሰማይ አካላትን እንቅስቃሴ አብረው ይማሩ ጀመር።

የዚህ የልጅነት ትጋት ፍሬ ፈጥኖ ታየ። ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ሳሉ፣ አንዱ በሌላው ዙሪያ ስለሚዞሩ ጥንድ ከዋክብት ምሕዋር ያዘጋጁት ጽሑፍ በዘመኑ ስመ ጥር በነበረ የሥነ ፈለክ መጽሔት ታተመ። በ1891 ወደ ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሁለት ዓመት ከተማሩ በኋላ ወደ ሙኒክ ተዛወሩ። በ1896 በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በሥነ ፈለክ ሊቁ በሁጎ ፎን ዜሊገር መሪነት ነው።

ከቪየና እስከ ፖትስዳም

ሽዋርዝሺልድ ሥራ የጀመሩት በቪየና ከተማ በሚገኘው በኩፍነር የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ ነበር። በዚያን ጊዜ የከዋክብትን ድምቀት መለካት በተመልካቹ ዓይን ላይ የተመሠረተ ነበር። ሽዋርዝሺልድ የፎቶግራፍ ሰሌዳን ለዚህ ሥራ አዋሉት። ደብዛዛ ብርሃን በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲያርፍ የሚያስከትለው መጥቆር ከጊዜው ርዝማኔ ጋር በእኩል ልክ እንደማይጨምር በመለኪያ አረጋግጠው ሕጉን በቀመር አስቀመጡት። ይህ ቀመር እስከ ዛሬ ድረስ በስማቸው ይጠራል።

በ1901 ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ይመሩት የነበረውን የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ እንዲመሩ ተሾሙ። በጎቲንገን እንደ ዳቪድ ሂልበርትና ሄርማን ሚንኮቭስኪ ካሉ የሒሳብ ሊቃውንት ጋር ተጎራብተው ሠሩ። በዚህ ዘመን የ3,500 ያህል ከዋክብትን ድምቀት በፎቶግራፍ ለክተው መዘገቡ። የፀሐይ ከባቢ አየር ሙቀቱን ጠብቆ የሚኖረው ኃይሉ በጨረር አማካይነት ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚተላለፍ መሆኑንም አስረዱ። በ1905 የተከሰተውን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለመመልከት ወደ አፍሪካ ተጉዘው በአልጄሪያ ምድር ምርምር አድርገዋል።

በ1909 ሁለት ታላላቅ ነገሮች ሆኑላቸው። አንደኛው በጎቲንገን የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩትን ሰው ልጅ ኤልዘ ሮዘንባኽን ማግባታቸው ነው። ሁለተኛው በበርሊን አቅራቢያ የሚገኘውን የፖትስዳም አስትሮፊዚክስ ተቋም እንዲመሩ መሾማቸው ሲሆን፣ ይህ በጀርመን አገር ለአንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ ከሚሰጡት ሹመቶች እጅግ የተከበረው ነበር። ከባለቤታቸውም አጋተ፣ ማርቲንና አልፍሬድ የተባሉ ሦስት ልጆች ወለዱ።

አልበርት አይንስታይን ስበት በብርሃን ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ ማሰብ በጀመሩበት ጊዜ ጉዳዩን ከልብ ከተከታተሉት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አንዱ ሽዋርዝሺልድ ነበሩ። ከፀሐይ የሚወጣ ብርሃን በፀሐይ ስበት ምክንያት ቀለሙ በጥቂቱ ወደ ቀይ ያደላል የሚለውን የአይንስታይንን ትንበያ በመለኪያ ለመፈተሽ ሞክረዋል። ሆኖም ለውጡ እጅግ ጥቂት በመሆኑ በዘመኑ መሣሪያ ቁርጥ ያለ ውጤት ሊገኝ አልቻለም።

በጦር ግንባር

በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ሽዋርዝሺልድ ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት በላይ ነበር። ሹመታቸውና ዕድሜያቸው ከጦር ሜዳ እንዲርቁ ሊያደርጋቸው ሲችል በፈቃዳቸው ዘመቱ። በመጀመሪያ በቤልጂየም የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ እንዲመሩ ተደረገ። ቀጥሎም በመድፈኛ ክፍል ተመድበው በፈረንሳይና በሩሲያ ግንባሮች አገለገሉ። ሥራቸው ከመድፍ የተተኮሰ ጥይት በነፋስና በአየር ግፊት ውስጥ የሚከተለውን መንገድ ማስላት ነበር።

ኅዳር 1915 አይንስታይን የአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳባቸውን እኩልታዎች ለፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ አቀረቡ። በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ስበት አንድ አካል ሌላውን በገመድ እንደሚጎትት ያለ ኃይል አይደለም። ይልቁንም ከባድ አካል በዙሪያው ያለውን ጠፈርና ጊዜ ያጎብጣል፤ ፕላኔቶችም ሆኑ ብርሃን ይህን የጎበጠ ጠፈር ተከትለው ይጓዛሉ። እኩልታዎቹ እጅግ የተወሳሰቡ በመሆናቸው አይንስታይን ራሳቸው የሜርኩሪን ምሕዋርና የብርሃንን መታጠፍ ያሰሉት በግምታዊ ስሌት ነበር። ትክክለኛ መፍትሔ በቅርቡ ይገኛል ብለውም አልጠበቁም።

የአይንስታይን ጽሑፍ በግንባር ላይ ለነበሩት ለሽዋርዝሺልድ ደረሳቸው። እርሳቸውም ጥያቄውን በብልሃት አቀለሉት። ፍጹም ክብ የሆነ፣ የማይሽከረከርና ብቻውን በባዶ ጠፈር ውስጥ የሚገኝ አካል ቢኖር በዙሪያው ያለው ጠፈር እንዴት ይጎብጣል ብለው ጠየቁ። በዚህ መንገድ ብዙዎቹ አስቸጋሪ የእኩልታው ክፍሎች ወደቁና የቀሩትን በእጃቸው ሊፈቱ ቻሉ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1915፣ አይንስታይን የመጨረሻውን እኩልታ ካቀረቡ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መፍትሔውን በደብዳቤ ላኩላቸው። አይንስታይን በሥራው ትክክለኛነትና ቅልጥፍና ተደንቀው ጥር 13 ቀን 1916 በሽዋርዝሺልድ ስም ለአካዳሚው አቀረቡት። በቀጣዩ ወር ደግሞ ስለ አካሉ ውስጣዊ ክፍል የሚያስረዳ ሁለተኛ ጽሑፍ ተከተለ።

መፍትሔው የሚያስረዳው

በሽዋርዝሺልድ መፍትሔ ውስጥ እያንዳንዱ አካል እንደ ክብደቱ መጠን አንድ የተወሰነ ርቀት አለው። ይህ ርቀት ዛሬ የሽዋርዝሺልድ ሬዲየስ ይባላል። አንድ አካል ተጨምቆ ከዚህ ርቀት በታች ቢገባ ከውስጡ የሚወጣ ብርሃን ማምለጥ አይችልም፤ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። የምድራችን የሽዋርዝሺልድ ሬዲየስ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ተራሮቿና ውቅያኖሶቿ ሁሉ ተጨምቀው ከአውራ ጣት ጥፍር በማይሰፋ ኳስ ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል ማለት ነው። የፀሐይ የሽዋርዝሺልድ ሬዲየስ ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ አንድ ሰው ከአምቦ ከተማ መሐል ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በእግሩ የሚጨርሰው መንገድ ሲሆን፣ የፀሐይ እውነተኛ ሬዲየስ ግን ወደ 700,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት በጉደር ወንዝ ፏፏቴ አቅራቢያ የሚዋኝ ዓሣን ማሰብ ይቻላል። ዓሣው ከፏፏቴው ርቆ ሳለ ውኃው በዝግታ ስለሚፈስ ወደ ላይ ሊዋኝ ይችላል። ወደ አፋፉ በቀረበ መጠን የውኃው ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል። የውኃው ፍጥነት ከዓሣው ፍጥነት በበለጠበት ስፍራ ግን ዓሣው ምንም ያህል ቢታገል መመለስ አይችልም። በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ብርሃን የሚገጥመው ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ከከባድ አካል ርቆ ለሚያልፍ ብርሃን ከመፍትሔው እጅግ ቀላል ቀመር ይገኛል። የሽዋርዝሺልድ ሬዲየስ በሁለት ተባዝቶ ብርሃኑ ከአካሉ መሐል በሚያልፍበት ርቀት ሲካፈል የመታጠፊያው ማእዘን በራዲያን ይገኛል። የፀሐይን ጠርዝ ታክኮ ለሚያልፍ ብርሃን 6 ኪሎ ሜትር ለ700,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ውጤቱ 0.0000086 ያህል ይሆናል። ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ በአየር ላይ 100 ኪሎ ሜትር የሚያህል ቀጥ ያለ ገመድ ቢዘረጋና በዚህ ማእዘን ልክ ቢዘነበል፣ በአዲስ አበባ በኩል ያለው ጫፍ ከቦታው የሚርቀው ከአንድ ሜትር በታች ነው። የብርሃን መታጠፍ ለዘመናት ሳይታወቅ የኖረው ስለዚህ ነው።

ሕመምና ዕረፍት

ሽዋርዝሺልድ በግንባር ላይ ሳሉ ፔምፊገስ በተባለ ብርቅ የቆዳ በሽታ ተያዙ። በሽታው የሰውነት የመከላከያ ኃይል በራሱ ቆዳ ላይ ሲነሣ የሚፈጠር ሲሆን፣ ቆዳን እያቆሰለ ብርቱ ሥቃይ ያስከትላል። በዚያን ዘመን ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረውም። መጋቢት 1916 ከግንባር ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሕመም አልጋ ላይ ሆነውም የኤሌክትሪክ መስክ በአቶም ብርሃን ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ የኳንተም ንድፈ ሐሳብን የሚመለከት ሌላ ጽሑፍ አጠናቀቁ። ጽሑፉ የታተመው ግንቦት 11 ቀን 1916 ነው። በዚያው ዕለት ካርል ሽዋርዝሺልድ በአርባ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው በጎቲንገን ከተማ አረፈ። በቀጣዩ ወር አይንስታይን በአካዳሚው ፊት ቆመው ሥራቸውን የሚያወሳ የመታሰቢያ ንግግር አደረጉ።

ሽዋርዝሺልድ በፈቃዳቸው የዘመቱላት አገር ከሞታቸው ሃያ ዓመት ሳይሞላ በናዚዎች እጅ ወደቀች። የአይሁድ ዘር ያላቸውን ዜጎች ማሳደድ ሲጀመር ልጆቻቸው አጋተና ማርቲን አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። አጋተ በኒውዚላንድ የጥንታዊ ግሪክ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ ሆኑ። አባታቸው ሲሞቱ ገና አራት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን የነበሩት ማርቲን ደግሞ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር ሆነው የከዋክብትን ውስጣዊ አሠራርና ዕድገት በማጥናት ከአባታቸው ያላነሰ ስም አተረፉ። ማርቲን በከዋክብት ጥናታቸው ኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተርን ቀድመው ከተጠቀሙ ሊቃውንት መካከል መሆናቸው የአባትና የልጅን ሥራ የሚያገናኝ ነው።

የመፍትሔው ጉዞ ከሞታቸው በኋላ

ግንቦት 29 ቀን 1919፣ ሽዋርዝሺልድ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ በምትገኘው በፕሪንሲፔ ደሴት፣ ሌላ ቡድን ደግሞ በብራዚል በሶብራል ከተማ ሆነው በጨለመው ፀሐይ ዙሪያ የታዩትን ከዋክብት ፎቶግራፍ አነሡ። የከዋክብቱ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መታጠፉ ተረጋገጠ። ውጤቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በለንደን ሲገለጽ የአይንስታይን ስም በዓለም ላይ ገነነ።

ለዚህ ልኬት ግርዶሹ ሙሉ መሆን ነበረበት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው የቀለበት ቅርጽ ይዞ የታየው፣ ምዕራብ ሸዋን ጨምሮ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች በከፊል የተስተዋለው ግርዶሽ ለዚህ ዓይነት ልኬት አያገለግልም ነበር። የፀሐይ ጠርዝ ሳይሸፈን በመቅረቱ የቀረው ብርሃን በአጠገቡ ያሉ ከዋክብት እንዳይታዩ ያደርጋልና ነው።

ከዚያ በኋላ ሊቃውንት የሽዋርዝሺልድን መፍትሔ ይበልጥ መረመሩ። በ1931 ጃፓናዊው ዩሱኬ ሃጊሃራ ብርሃን በእንዲህ ያለ አካል ዙሪያ ሊከተላቸው የሚችላቸውን መንገዶች በዝርዝር አጠኑ። በ1939 ሮበርት ኦፔንሃይመርና ሃርትላንድ ስናይደር ከባድ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ በራሱ ስበት ሊደረመስ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። በ1963 የኒውዚላንድ ተወላጁ ሮይ ኬር ለሚሽከረከር አካል የሚሆን መፍትሔ አገኙ። ሽዋርዝሺልድ ራሳቸው እንዲህ ያለ አካል በእውን ይኖራል ብለው አላሰቡም ነበር፤ ሒሳባቸው ግን ከግምታቸው አልፎ ሄደ።

ከስሌት ወደ ምስል

ብርሃን ከጥቁር ጉድጓድ ርቆ ሲያልፍ ከላይ የተጠቀሰው የማካፈል ቀመር ይበቃል። ወደ ጉድጓዱ በቀረበ ጊዜ ግን ቀመሩ አይሠራም። ከመሐሉ የሽዋርዝሺልድን ሬዲየስ አንድ ተኩል እጥፍ በሚያህል ርቀት ላይ ብርሃን በክብ መንገድ ሊዞር ይችላል። ከሩቅ የሚመጣ ጨረር አቅጣጫው ከዚህ ሬዲየስ 2.6 እጥፍ ያህል ወደ ጉድጓዱ መሐል የቀረበ ከሆነ ተውጦ ይቀራል። ከዚህ ወሰን በጥቂቱ የራቀ ጨረር ጉድጓዱን አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ዞሮ በሌላ አቅጣጫ ሊያመልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን መንገድ በአንድ ቀመር መጨረስ አዳጋች በመሆኑ ደረጃ በደረጃ ማስላት ያስፈልጋል፤ የኮምፒዩተር ሲሙሌሽን የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ተመልካቹ የሚቆምበት ስፍራ ይወሰናል። የሚፈለገው ምስል በብዙ ጥቃቅን ነጥቦች ይከፈላል። ከእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጨረር ወደ ኋላ፣ ማለትም ከተመልካቹ ዓይን ወደ ጠፈር ይላካል። ኮምፒዩተሩ ጨረሩን በትንንሽ እርምጃ ያራምደዋል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ከሽዋርዝሺልድ መፍትሔ የተገኘውን እኩልታ በመጠቀም ጨረሩ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ያሰላል። የጨረሩ ዕጣ ከሦስት አንዱ ይሆናል። ወደ ጉድጓዱ ከገባ ነጥቡ ጥቁር ይቀባል። በጉድጓዱ ዙሪያ የሚሽከረከረውን የጋለ ጋዝ ከነካ የጋዙን ብርሃን ይይዛል። አምልጦ ከሄደ ደግሞ በደረሰበት አቅጣጫ ያለውን የሰማይ ክፍል ያሳያል።

ጨረሩ ወደ ኋላ የሚላክበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከጋዙ የሚወጣው ብርሃን ሁሉ ወደፊት ቢሰላ አብዛኛው ወደ ተመልካቹ ስለማይደርስ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ወደ ኋላ ሲሰላ ግን የሚሰሉት ለምስሉ የሚያስፈልጉት ጨረሮች ብቻ ናቸው። ቁመቱም ወርዱም 1,000 ነጥብ ለሆነ ምስል አንድ ሚሊዮን ጨረሮች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ጨረር 1,000 እርምጃ ቢራመድ ስሌቱ አንድ ቢሊዮን ይደርሳል። አንድን እርምጃ በአንድ ደቂቃ የሚያሰላ ሰው ሌት ተቀን ሳያርፍ ቢሠራ ከ1,900 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ዛሬ በተራ የግል ኮምፒዩተር ይህንኑ ሥራ በአጭር ጊዜ መጨረስ ይቻላል።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን ዝርዝር ምስል በ1979 ያወጡት ፈረንሳዊው ዣን ፒየር ሉሚኔ ናቸው። የተጠቀሙበት ኮምፒዩተር በተበሱ ካርዶች የሚታዘዝ፣ ቁጥር እንጂ ሥዕል የማያወጣ ነበር። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የሰጣቸውን ቁጥሮች መሠረት አድርገው ነጥቦቹን በእጃቸው በቀለም አስቀመጡ። ከምስሉ እንደሚታየው ከጉድጓዱ ጀርባ ያለው የጋዝ ክፍል ሳይሰወር ከበላይ እንደ ቅስት ወጥቶ ይታያል፤ ከኋላ የሚወጣው ብርሃን በጉድጓዱ ላይ ጎብጦ ወደ ተመልካቹ ይመጣልና። ወደ ተመልካቹ የሚመጣው የጋዝ ጎን ከሚርቀው ጎን ይበልጥ ደምቆ ይታያል።

ስሌቱ በዓይን የተረጋገጠው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 2019 ኤቨንት ሆራይዘን ቴሌስኮፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን በኤም 87 ጋላክሲ መሐል የሚገኘውን፣ ከእኛ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቀውንና ክብደቱ ከፀሐይ 6.5 ቢሊዮን እጥፍ የሚያህለውን ጥቁር ጉድጓድ ምስል ይፋ አደረገ። በልዩ ልዩ አህጉራት ያሉ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች እንደ አንድ ሆነው የተመለከቱት ብሩህ ቀለበት ከምድር ሆኖ ሲታይ በጨረቃ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ያህል ብቻ ይሰፋ ነበር። ተመራማሪዎቹ የተገኘውን ምስል ለመመርመር በሲሙሌሽን ከተሠሩ ከ60,000 በላይ ምስሎች ጋር አነጻጽረውታል። ግንቦት 12 ቀን 2022 ደግሞ በእኛው ጋላክሲ መሐል የሚገኘው፣ ክብደቱ ከፀሐይ አራት ሚሊዮን እጥፍ የሚያህለው ጥቁር ጉድጓድ ምስል ይፋ ሆነ። የቀለበቶቹ ስፋት ከአጠቃላይ አንጻራዊነት ስሌት ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል።

ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች

የሽዋርዝሺልድ ሕይወት ሁለት ገጽ አለው። የመድፍ ጥይትን መንገድ ያሰሉበት ዕውቀትና የብርሃንን መንገድ ያሰሉበት ዕውቀት አንድ ነበር። የመጀመሪያው በጦርነቱ ማብቂያ አብሮ አለፈ፤ ሁለተኛው ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ለሰው ልጅ ሁሉ ያገለግላል። ዕውቀት ለምን ዓላማ እንደሚውል የሚወስነው ማኅበረሰቡ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስገነዝባል።

ጥቁር ጉድጓድን በኮምፒዩተር ለማስመሰል የግድ በትልቅ የምርምር ተቋም ውስጥ መሆን አያስፈልግም። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብና ፊዚክስ፣ የፕሮግራሚንግ መነሻ ዕውቀትና አንድ የግል ኮምፒዩተር ለጀማሪ ይበቃሉ። ጀማሪው በመጀመሪያ የተወረወረ ድንጋይን መንገድ በትንንሽ እርምጃ የሚያሰላ ፕሮግራም ቢጽፍና ውጤቱን በክፍል ከተማረው ቀመር ጋር ቢያመሳክር መልካም ነው። ቀጥሎም ፕላኔት በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበትን መንገድ፣ በመጨረሻም ብርሃን በጥቁር ጉድጓድ አጠገብ የሚያልፍበትን መንገድ ማስላት ይቻላል። የሠራው ፕሮግራም ትክክለኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ጨረሩን ከፀሐይ ጠርዝ አጠገብ አሳልፎ ከላይ የተገለጸው ማእዘን መገኘቱን ማየት ይችላል።

የፕሮግራሚንግን መሠረታዊ ዕውቀት ያለ ክፍያ ለመማር ለሚፈልጉ ዜጎች በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ በኢንተርኔት አማካይነት የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ ሥልጠና ይሰጣል፤ ሥልጠናውን ያጠናቀቀ ሰውም የምስክር ወረቀት ያገኛል። ኢንተርኔት በቤታቸው የሌላቸው ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው የኮምፒዩተር ክፍል መጠቀም ስለሚችሉበት ሁኔታ መምህራኖቻቸውን እንዲጠይቁ ይመከራል። ትምህርታቸውን በከፍተኛ ደረጃ ለመቀጠል የሚሹ የምዕራብ ሸዋ ወጣቶች በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን ማጥናት ይችላሉ። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚገኘው የምርምር ማእከልም እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት ሲሆን፣ የአገራችን የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ስፍራ ነው።

ካርል ሽዋርዝሺልድ የጀመሩት በኪስ ገንዘብ በተገዛ ሌንስ ነበር። ሕይወታቸውን ሙሉ ወደ ሰማይ ቢመለከቱም በመፍትሔያቸው ውስጥ ተሰውሮ የነበረውን ጥቁር ክብና በዙሪያው ያለውን ብሩህ ቀለበት ለማየት አልታደሉም። በአምቦና በአካባቢዋ ያለ ትጉህ ተማሪ ግን ዛሬ እርሳቸው በእጃቸው የጻፉትን እኩልታ ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ ያላዩትን ሊያይ ይችላል።